የወይዘሮ ባትሪ መርዶ ለመብረቅ እንዴት እንደ ደረሰ

ለትርንጎ፣ በአውድማው ስምሽ ለክብርት ወይዘሮ ባትሪ፤

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም። ሰንብተሽ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር፤ ከሳሎን ሆኜ እጠራሽ ነበር፣ አንቺም እንደ ልማድሽ «ቆየኝ፣ አንድ ሰው እየተሳሳተ ነው» ብለሽ ከስልክሽ ጋር ወጥ ቤት ትቀሪ ነበር።

ከተለየሽን ወዲህ ፋሲካው አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መጥቶ እንደ ወትሮው የሰፈራችንን የክርያት ሞሼን መንገድ ሐይቅ አድርጎት ሄደ። ዓመትሽ እየተቃረበ ነው። ራቢው «ሐዘን በዓመቱ ይቀልላል» ብሎኛል። ደግ ሰው ነው፤ ሚስቱም ጤነኛ ናት።

ቤቱን ልንገርሽ። አሳንሰሩ እንደ ተበላሸ ነው። የሕንጻው ኮሚቴ ሊያሠራው ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ስብሰባው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለ ሆነ ማንም አልመጣም። ያ በገዛ ራሱ የሚዞረው መጥረጊያሽ አሁንም ይዞራል። አልጋ ሥር ይገባና በዕብራይስጥ «ተይዣለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ» እያለ ይጮኻል። በዚህ ቤት ብሶቱን ጮክ ብሎ የሚናገር እሱ ብቻ ነው። ልጃችን ሜራቭ ዓርብ ዓርብ ከላቦራቶሪዋ ስትወጣ መጥታ ወደ ሰፈሯ ወደ ኦሺዮት ትወስደኛለች። ሰንበት ሲወጣ ትመልሰኛለች። ልጆቿ በዕብራይስጥ «ሳባ፣ ማ ኒሽማ?»፣ አያቴ፣ ምን ወሬ አለ፣ ይሉኛል፣ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ሁላችንም የተግባባን ይመስለናል። የቀረውን ቀን የምስር ወጥ እየሠራሁ እበላለሁ። ስለ ምስር ወጡ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ታሪክ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ አንቺ የምታውቂውን ለማያውቀው ላስረዳ።

አውድማ የሚሉት አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ቴክኖሎጂ ዜና የሚከራከሩበት የኢንተርኔት መድረክ ነው። ጠዋት አንድ ሰው ዜና ያፈስበታል፤ አዲስ ስልክ ወጣ፣ መኪና ያለ ሹፌር ሄደ ይላል። ከዚያ ሁሉም እየዞረ ይረግጠዋል። በመጨረሻ ፍሬው ከገለባው ይለያል ይባላል። እኔ እስካየሁት ድረስ የሚቀረው ገለባው ነው። አንቺ በትምህርት ቤቱና በወላጆች መካከል አገናኝ ሆነሽ ከምትሠሪበት ቦታ ጡረታ ስትወጪ፣ የምታስታርቂው ሰው አጣሽና መጣላት ጀመርሽ። የምትጣዪበትን ቦታ ደግሞ አውድማው ላይ አገኘሽ።

ጠቡ የተጀመረው በባትሪ ነው። አንድ ጠዋት «ስልካችሁን ሰማንያ ከመቶ ሲሞላ ንቀሉት፣ ዕድሜው ይረዝማል» የሚል ዜና መጣ። አንቺ ነገሩን እንደ ኦሪት ተቀበልሽው። ፊቱንም ሆነ ቤቱን ማንም የማያውቀው፣ መብረቅ የሚባል ሰው ግን «ሰማንያ ላይ የሚነቅል ሰው ልጁን ከስምንተኛ ክፍል የሚያስወጣ ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። የትምህርት ቤት ሰው መሆንሽን አላወቀም ነበር። ካወቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ መልስሽን ሲጠጣ የዋለ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውድማው ሁሉ ወይዘሮ ባትሪ አለሽ፤ አንቺም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበልሽው።

ከባትሪ ወደ ካሜራ፣ ከካሜራ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ አያት ቅድመ አያት ሄዳችሁ። «ስለ ስልክ ከምትጨቃጨቂ ለባልሽ ወጥ ሥሪለት» ብሎ የጻፈብሽ ቀን «ባሌ ወጡን ራሱ ይሠራል፤ አንተ ውሃ ማፍላት ከቪዲዮ ነው የተማርከው» ብለሽ መለስሽለት። ሰው ሁሉ አጨበጨበልሽ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሽንኩርት ከየት በኩል እንደሚላጥ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ወዲያው ጠርተሽ «ዋሽቼልሃለሁና እውነት አድርገው» አልሽኝ። የምስር ወጥ የተማርኩት ለመብረቅ ስል ነው። ዛሬ የሚያኖረኝ እሱ ነው።

አንድ ጊዜ የመድረኩ ኃላፊ፣ አጋፋሪ የምትሉት፣ ስድቡ በዛ ብሎ ሁለታችሁንም ለአንድ ሳምንት አገዳችሁ። ዕንቁላሏ መጥቶ ጎጆ እንዳጣች ዶሮ ቤቱን ስትዞሪው ትዝ ይለኛል። የቁም ሣጥኑን ልብስ አወጣሽ፣ መለስሽ፣ እንደ ገና አወጣሽ። ልረዳሽ ብዬ «እኔም እኮ ስልክ መቶ ነው መሞላት ያለበት ባይ ነኝ» አልኩሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝና «አንተማ አታምንበትም» ብለሽ ወደ ልብስሽ ተመለስሽ። እውነትሽን ነበር። እኔ በሁሉም የምስማማ ሰው ነኝ። ለካ በአንድ ቤት ሁለት ሰው ሁልጊዜ ከተስማማ አንዱ ትርፍ ነው።

በመጨረሻው ሰሞን የተያያዛችሁት ያለ ሹፌር በሚሄደው አውቶቡስ ነበር። ሊሞከር ነው የሚል ዜና መጣ። መብረቅ «ሹፌር የለ፣ ቁጣ የለ፣ መዘግየት የለ» ብሎ ደስታውን አፈሰሰ። አንቺ «አሮጊት ከነከረጢቷ ስትሮጥ በመስታወት አይቶ የሚቆያት ሹፌር ነው፤ ማሽኑ ሰዓቱን እንጂ አሮጊቷን አያይም» አልሽ። «ማስረጃ» አለሽ። «ማስረጃዬን ነገ ጠዋት አመጣልሃለሁ፣ ታገሠኝ» ብለሽ ጻፍሽና ተኛሽ።

በማግሥቱ ጠዋት ልብሽ ቆመ። ማስረጃሽን ይዘሽው ሄድሽ።

ሰባቱን ቀን መሬት ላይ ተቀመጥን። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ስልክሽ መሳቢያ ውስጥ እንደ ታፈነች ንብ ይነዝር ነበር። ከሐዘን ስንነሣ ሜራቭ ከፈተችው። መብረቅ በየጠዋቱ ጽፎልሻል። «ወይዘሮ ባትሪ፣ ነገ ጠዋት ያልሽው በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ቀጥሎ «ማስረጃው በአህያ ነው የሚመጣው?» ቀጥሎ ደግሞ «ቻርጅ አልቆባት ይሆናል፤ ሰማንያ ላይ እየነቀለች»።

የሜራቭ ፊት ጠቆረ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ከተቀበርሽ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። አንቺም ብትሆኚ ትስቂ ነበር፤ ሳቅሽን ስትጨርሺ ልኩን ታስገቢው ነበር።

«አባ፣ አሁን አንድ መስመር እጽፋለሁ» አለች ሜራቭ። «እናቴ ዐርፋለች፣ በቃ። ቤሰደር፣ እሺ?»

«ቤሰደር አይደለም» አልኳት። «መርዶ በመስመር አይነገርም።»

«ሰውየው እኮ ሰው አይደለም አባ። የመድረክ ስም ነው።»

«ስም ነው እንዴ እንዲህ የሚሳደበው?»

አንቺ ታውቂያለሽ ለምን እንደ ተቆጣሁ። እናትሽ አገር ቤት ያረፉ ጊዜ ወሬው ለእኔ ነበር የደረሰው። ሰንበት እስኪያልፍ፣ ሽማግሌዎች እስኪሰበሰቡ ድረስ ይዤው ከረምኩ። አብሬሽ በላሁ፣ አብሬሽ ተኛሁ። ሽኩናው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ባለሱቁ ቲማቲሙን መርጦ ሰጠሽ። ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ የተኳረፍሻት ጎረቤታችን ሰላም አለችሽ። ማታ መጥተሽ «ደሴ፣ ሰዎቹ ምን ሆነው ነው ደግ የሆኑት?» አልሽኝ፤ እኔም «የአየሩ ጠባይ ነው» አልኩሽ። ከዚያ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ገቡ፤ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዙሽ፣ ተነገረሽ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «በቤቴ፣ በሰው መሃል ስለ ነገራችሁኝ ነው የተረፍኩት። በአውቶቡስ ላይ በስልክ ብሰማው ኖሮ እዚያው እቀር ነበር» ብለሽኛል።

ታዲያ መብረቅ ምንሽ ነው? ዘመድሽ አይደለም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን በየጠዋቱ ከጸሎቱ ቀጥሎ የመጀመሪያ ቃሉን የሚጽፈው ለአንቺ ነበር። እኔ የገዛ ባልሽ የመጀመሪያ ቃሌ «ካልሲዬ የት አለ?» ነበር። ይህን ሰው ብቻውን፣ ምናልባት ባዶ ሆዱን፣ ሞትሽን ከአዲስ ስልክ ዋጋ ሥር እንዲያነበው ላደርግ አልቻልኩም። ለሜራቭ «ቤቱን አግኝተን እንነግረዋለን» አልኳት። «አባ፣ ዲ» አለችኝ። በቃህ ማለቷ ነው።

ቀላል አልነበረም። መርዶ እስኪነገር ድረስ ዝም ማለት ወግ ነውና አውድማው ላይ ዝም አልን። ዝምታሽን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት። «ሸሸች» አሉ። ከዚህ በፊት ከአንቺ ጋር የወገኑ ሰዎች ሳይቀሩ «እኛም ተጠራጥረን ነበር» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ በስምሽ ልመልስላቸው ስልክሽን አነሣሁ። ጣቴ ፊደሉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሕይወት እያለሽ አንድ ቀን እንኳ በአንቺ አፍ መናገር ያልተሳካልኝ ሰው፣ አሁን ከየት አመጣዋለሁ?

በዚህ መካከል የመብረቅ ነገር ተለወጠ። አንድ ጠዋት «ወይዘሮ፣ ታመሽ ነው?» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ያፈረ ይመስል ከሥሩ «ብትታመሚም ማስረጃው ይጠበቃል» ብሎ ጨመረበት። ያን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

አጋፋሪውን ጠየቅነው። «የአባላትን ማንነት አንሰጥም፣ የግል መረጃ ነው» አለ። እኔ በእኛ ሰው መንገድ ሄድኩ። መብረቅ አንድ ጊዜ ሲፎክርብሽ «እኔ የተወለድኩት ወገራ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መብረቅ ከማይለየው ጉብታ ሥር ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ሜራቭ ይህን ምንም አላለችውም። እኔ ግን ካርታ አገኘሁ። በየለቅሶው፣ በየሠርጉ እየሄድኩ የወገራን ሰው መጠየቅ ያዝኩ። ሎድ ውስጥ አንድ ለቅሶ ላይ «የወገራ ሰው ሆኖ ስልክ የማይለቅ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጨቃጨቅ ታውቃላችሁ?» ስል፣ አንዲት ሴት ሳታስብ «አያ ታከለ ናቸዋ፣ ክርያት ጋት» አለችኝ። «ስልኩ ላይ ሲጮኹ ሦስተኛው ሕንጻ ድረስ ይሰማል።»

ወጉ አስቀድሞ የቤተሰቡን ሰው መጠየቅ ነበር። ሆኖም ብቻቸውን ይኖራሉ ስለ ተባለና እኔም ስለ ቸኮልኩ ዘለልኩት። ከሽኩናችን ሁለት ሽማግሌዎች ያዝኩ፣ ሜራቭ እያጉረመረመች መኪናዋን አስነሣች፣ ጎህ ሲቀድ ደረስን።

አያ ታከለ በሩን ከፈቱ። ነጠላ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ሲያዩ ሌላ ቃል አልጠበቁም። የእኛ ሰው በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የቆመ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደ መጣ ያውቃል። «ወይኔ እህቴን» ብለው ወደቁ። ጎረቤት ወጣ፣ ሴቶች ጮኹ። እኛም ወግ ነውና አብረን አለቀስን። የእኔ ለቅሶ ደግሞ የእውነት ነበርና ጊዜ ወሰደ።

በረድ ሲልላቸው «ናታንያ ማን አብሯት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ናታንያ አይደለም፣ ረሆቮት ነው» አልኩ።

«ረሆቮት ምን ልትሠራ ሄደች?»

«እዚያው ነው እንጂ ቤቷ። ወይዘሮ ባትሪ ናት።»

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «የማን ሚስት?»

«የእኔ።»

«አንተስ ማን ነህ?»

ትርንጎ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ለካ አያ ታከለ ጆሯቸው ይከብዳል። በየጠዋቱ ስልክ ላይ የሚጮኹት ከእህታቸው ጋር ሲያወሩ ነው። ስልካቸውም ኢንተርኔት የሚባል ነገር ያልደረሰባት፣ ቁልፏ የምትጫን ስልክ ናት። ወዲያው ደወሉ። «አለሽ?» ብለው ሲጮኹ፣ እህታቸው ከናታንያ «የት እሄዳለሁ፣ ገና መች ነጋ» ስትል ሁላችንም ሰማን። ሜራቭ ደረጃው ላይ ፊቷን ሸፍና ተቀምጣለች። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብኳት። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም አብሮ ይወርዳል። ከሞትሽ ወዲህ ስታለቅስም ስትስቅም ያየኋት ያን ቀን ነው።

አያ ታከለ ሌላ ሰው ቢሆኑ በዱላ ያባርሩን ነበር። ፊታቸውን ጠርገው «እንባዬ አንዴ ወጥቷል፣ አይመለስም። ለሚስትህ ይሁንላት» አሉኝ። «አሁን ግቡና ቁርስ ብሉ።»

ቁርሱ ላይ ነገሩን ከሥር ጀምሮ አስረዳኋቸው። ባትሪ፣ አውቶቡስ፣ ማስረጃ የሚለውን ሁሉ እንደማይረባ ነገር በእጃቸው ገፉት። መብረቅ ስል ግን ቀና አሉ። «መብረቅማ አዛናው ነው» አሉ። «ልጅ ሳለ መብረቅ ወርዶ አጠገቡ ያለውን በሬ ገድሎ እሱን ተወው። ከዚያ ወዲህ በስሙ የጠራው የለም። ጨቅጫቃ ነበር፤ ከመብረቁም ጋር ተከራክሮ ነው የተረፈ እንል ነበር።»

«የት ነው ያለው?»

«ያቭኔ፣ ከልጁ ጋር።»

ያቭኔ፣ ትርንጎ። ጫማ ልትገዢ የምትሄጂበት ያቭኔ። እኔ አገር ላገር ስዞር ሰውየው በከተማ አውቶቡስ የሚደረስበት ነበር።

አሁን ወጉን ጠበቅሁ። መጀመሪያ ልጁን በስልክ አገኘናት። «አባቴ ደም ግፊት አለበት» አለች። «ጠዋት ክኒኑን ይወስዳል፣ ከዚያ የስልኩን ዜና ይከፍታል። ከክኒኑ በኋላ፣ ከዜናው በፊት ኑ።» ከዚያም ድምፅዋን ቀንሳ «ሰሞኑን ምግብ ቀንሷል። ምን ሆንክ ስለው፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተኳርፈን ነው ይለኛል። ጡረታ ከወጣ እኮ ስንት ጊዜው ነው» አለችን። አያ ታከለም «አንዴ አልቅሼላታለሁ፣ አልቀርም» ብለው ከክርያት ጋት በራሳቸው ወጪ መጡ።

መብረቅ ያልሽው ሰው ክብሪት ያክላል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስልኩ በገመዱ ከግድግዳው ጋር ታስሯል። ከመንገዱ ሲያየን አልተነሣም። ስልኩን ነቀለና በደረቱ ደፋው። ደርሰን ከፊቱ ስንቆም እያንዳንዳችንን አየን፤ አያ ታከለን ለየ፣ እኔን አልለየም። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ «ባትሪ ናት?» አለ።

የሽማግሌዎቹን ነጠላ አየ። «እሷ ናት» አለና ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሴት ልጁና ጎረቤቶቿ ሊይዙት ቀረቡ። አልጮኸም። ለእኛ ሳይሆን ለወለሉ የሚናገር ይመስል «ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። ነገ ብላ የቀረችበት ቀን የለም» አለ።

ሜራቭ አልቻለችም። «አውቀህ ነው እንዴ የምትሰድባት የነበረው?» አለችው።

«ምን ላድርግ ልጄ? መርዶ አልደረሰኝ፤ በምን አፌ ላልቅስ? ዝም ብል ደግሞ የምገድላት እኔ መሆኔ ነው። እሰድባታለሁ፣ ትመልስልኝ ይሆናል እላለሁ። ማንም አልመጣም። ለኢንተርኔት ባላጋራ ማን ይመጣል ብዬ ተውኩት።» ከዚያ ቀና ብሎ አየን። «መጣችሁ» አለ።

ሜራቭ ሄዳ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ስም ነው» ያለችው እሷ ናት፤ እኔ አላነሣሁባትም፤ ማንሣትም አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶው የመጣው። አዛናው የወገራ ልጅ ነውና ሙሾ ያውቃል። አባቶቻችን ስለ ጀግናና ስለ ፈረስ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሙሾ ግን ከተፈጠርኩ ሰምቼ አላውቅም።

ሰማንያ ይበቃል፣ መቶ ይሁን ስንል፣
ማን ነቅሎ ወሰደሽ፣ ነገሩ በእንጥልጥል።

ሽማግሌዎቹ አንዱንም ቃል አልተረዱትም፤ ግን ተቀብለው አለቀሱ። እኔ ተረድቼው አለቀስኩ። አያ ታከለም ምን ተባለ ብለው ጠይቀው፣ በጆሯቸው ከተጮኸላቸው በኋላ ዘግይተው ለብቻቸው አለቀሱ።

ሲረጋጋ ፎቶሽን ላየው አለኝ። የሜራቭን ሠርግ ፎቶ ሰጠሁት። አራቀው፣ አቀረበው። «እንዲህ ናት? ቁጡ አትመስልም» አለ። «የተነሣችው አንተን ሳታውቅ ነው» አልኩት። መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ «ማስረጃው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ዕቃሽን ሁሉ አገላብጬ ነበር፤ የለም። ከሹፌሮቹ አንዱ ይሁን፣ አንቺ ራስሽ የሮጥሽበት ቀን ይሁን፣ ወይም እንዲሁ ጠዋት እስኪሆን የምታዘገዪበት ዘዴ ይሁን፣ ማን ያውቃል። ሁለት ሽማግሌ ሰዎች በማናውቀው ማስረጃ ላይ አንገታችንን ደፍተን ቆየን።

ለአውድማው መርዶውን የነገረው እሱ ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህን ብቻውን ሆኖ የሚያነብ ሰው ይቁም። ከጎንህ ሰው ጥራ፤ ሲቀመጥ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።» እንደ ቀልድ የሚያዩት መስሎኝ ነበር። አላዩትም። «ባለቤቴን ጠርቻለሁ፣ ተቀምጣለች» አለ አንዱ። «ሥራ ቦታ ነኝ፤ ጥበቃው መጥቶ አጠገቤ ቆሟል» አለ ሌላው። «እኔ ጋ ማንም የለም፤ ወንድሜን በስልክ ይዤዋለሁ» አለች አንዲት ልጅ። አጋፋሪው ራሱ «እናቴ ከጎኔ ናት» ብሎ ጻፈ። ሁሉም እስኪደርስ ጠብቆ ነገራቸው። ሸሸች ያሉሽ ሁሉ፣ ትርንጎ፣ በየቤታቸው በሰው ተይዘው አለቀሱልሽ።

ከዚያ ለሰባት ቀን አውድማው ላይ ማንም ማንንም አልተቃወመም። አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል «መልካም ዜና ነው» ይላሉ፤ ተበላሸ ሲባልም «መልካም ዜና ነው» ይላሉ። ጨዋነቱ ያስጨንቅ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ሐዘንተኛን ከመሬት የሚያስነሣው የቤቱ ወዳጅ ነውና፣ መብረቅ «ተነሡ። ይህ ያመሰገናችሁት ስልክ ቆሻሻ ነው» ብሎ ጻፈ። የሰውን እፎይታ ብታዪው።

በአውቶቡሱ ጉዳይ ግን አልተረታልሽም። «ሞታለች ብዬ ብሸነፍላት ትንቀኛለች» አለኝ፣ ልክ ነው። ነገር ግን የአንቺ ወገን ባዶ ሆኖ ቀረ። ማንም ደፍሮ አልቆመበትም። ስለዚህ ሜራቭ የራሴን ስም አስመዘገበችልኝና፣ ዕድሜ ልኬን በሁሉ የተስማማሁት ሰው፣ «አልስማማም» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። መብረቅ ወዲያው መለሰልኝ፤ አማርኛዬንም፣ ረሆቮትንም፣ የምስር ወጤንም ሰደበ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አሁን ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ እሱን ነው የማነበው። ፊደል ስገድፍ ሜራቭ ከላቦራቶሪዋ ሆና «አባ፣ አርመው፣ ያሳፍራል» ብላ ትልክብኛለች። ባለፈው ሰሞን እሷም በስሟ ገብታ ሁለታችንንም ተቃወመች።

ለዓመትሽ አዝካራ፣ ለተዝካርሽ፣ መቃብርሽ ላይ ስንሰበሰብ አዛናውና አያ ታከለ ይመጣሉ። አዛናው «እዚያ ላይ ስለ አውቶቡስ አላነሣም» ብሎ ለማኅበረሰባችን ቄስ ቃል ገብቷል፤ ቄሱ ግን አላመኑትም።

ሰው ሁሉ «ደግ ነበረች» ይለኛል። ነበርሽ። ግን ደግ የተባለች ሴት ብዙ ናት፤ በዚህ ስም ብቻ ብትነሺ ከሌላዋ ማን ይለይሻል? እኔ ጨው ማብዛትሽን፣ ተሳስተሽ ሳለ አለመሳሳትሽን፣ እኔን ለማዳን መዋሸትሽን፣ ለማታውቂው ሰው ነገ ጠዋት ብለሽ መተኛትሽን አነሣለሁ። ከዚህ ላይ አንዱን ሊቀንስብኝ፣ ወይም ጊዜው ነው ብሎ ሊያስረሳኝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከእኔ ጋር መከራከር አለበት። መከራከሩን ደግሞ ለምጄዋለሁ።

ባልሽ ደሴ
ክርያት ሞሼ፣ ረሆቮት